ሁለት በር ያለው ዳስ

«አጋፋሪያቸው ማን ነው?» አሉኝ ጋሼ፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ።

ኅዳር 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ማታ ነበር። ደብረ ብርሃን በኅዳር ምን እንደምትመስል የኖረባት ያውቃል፤ ከሰል ተያይዞ፣ ጋቢ ተደርቦ፣ በር ተዘግቶም ብርዱ ከወለሉ ሥር ይወጣል። ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከአንኮበር ቁልቁል ካለው ቀያቸው ለዓይን ሕክምና መጥተው እኛ ቤት ሰንብተዋል። አንድ ዓይናቸው ተሸፍኗል፤ በሁለተኛው ዜና ይከታተላሉ። በዚያች ሰዓት የሚታየው ባሊ ከምትባለው የኢንዶኔዥያ ደሴት የተላከ ምስል ነው። የዓለም ኃያላን መሪዎች ረግረግ ዳር ተሰልፈው፣ ዶማ ጨብጠው፣ ለፎቶግራፍ ይስቃሉ። ማንግሮቭ የሚባል ችግኝ ሊተክሉ ነው። ጋሼ መጀመሪያ የታዘቡት የዶማውን አያያዝ ነበር። «ይኸኛው እግሩን ይቆርጣል» አሉ ስለ አንዱ፤ ማን እንደሆነ አልናገርም።

እኔ መምህር ነኝ፤ ሳይጠየቁ ማስረዳት የሙያው በሽታ ነው። ቡድን 20 ማለት 19 ሀገራትና የአውሮፓ ኅብረት የሚሰበሰቡበት የኢኮኖሚ ጉባኤ መሆኑን፣ ስብሰባው ትናንት ተከፍቶ ዛሬ መዘጋቱን፣ ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች ዘጠኝ ወር ሊሞላት መሆኑን፣ ወራሪዋም አውጋዦቿም የዚሁ ማኅበር አባላት መሆናቸውን ስደረድር እጃቸውን አነሡ።

«እሱን ተወው። እነዚህን ደመኞች አንድ ዳስ ውስጥ ያስቀመጣቸው ሰው ማን ነው ነው የምልህ።»

ያን ጊዜ በቅጡ አልመለስኩላቸውም። ይህ ጽሑፍ የዘገየ መልስ ነው።

ጋሼ አጋፋሪነትን የሚያውቁት ከወሬ አይደለም። በ1974 ዓ.ም. አያቴ አርፈው አርባቸው ሲወጣ፣ ተዝካሩን የመሩት እርሳቸው ነበሩ። እኔ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ድግሱን ያከበደው የእህል ማነስ አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በግጦሽ መሬት ጠብ ከታችኛው ጎጥ አንድ ጎረምሳ ተገድሏል። ገዳዩ ታስሯል፤ ደሙ ግን አልደረቀም። የሟች ወገኖች በአያቴ በኩል ሥጋ ዘመዶቻችን ናቸው፤ ከገዳዩ ቤት ደግሞ አክስቴ ተድራለች። ሁለቱም ወገን በቀብሩ ዕለት መጥቶ አፈር መልሷል። አንዱን ጠርቶ ሌላውን መተው ወገን መለየት ነው። ሁለቱንም መተው የሟቹን አያቴን ስም ማዋረድ ነው። ሁለቱንም መጥራት ደግሞ የአባትን ተዝካር በሬሳ መጨረስ ሊሆን ይችላል።

ጋሼ መልእክተኛ አልላኩም። በእግራቸው ሄዱ፤ መጀመሪያ ወደ ሟች ቤት፣ በማግስቱ ወደ ገዳዩ ቤት። በሁለቱም ደጃፍ የተናገሩት አንድ ነገር ነው ይባላል፦ «ላስታርቃችሁ አልመጣሁም። ለአባቴ ነፍስ እንጀራ ቁረሱልኝ ልላችሁ ነው።» ተመልሰው ዳሱን ሲጥሉ ሁለት በር አወጡለት፤ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ፣ ሌላው ወደ ጓሮ። ካህናቱን መካከል ላይ አስቀመጡ። ከካህናቱ ግራና ቀኝ በዕድሜ የገፉ ባልቴቶችን ደረደሩ፤ አሮጊት ዘልሎ ዱላ የሚሰነዝር ጎረምሳ በዚያ አገር አይገኝም። ዱላ ሁሉ በር ላይ ቀረ። ለእያንዳንዱ ወገን የራሱ አሳላፊ ተመደበለት፤ ከአንድ እንስራ የተቀዳ ጠላ በሁለት ሰው እጅ ነው የደረሳቸው። ቡራኬ ለሚሰጡት ቄስም አስቀድመው ነገሯቸው፦ ስለ ሰላም ይጸልዩ፣ ስም ግን አያንሡ።

ትዝ የሚለኝ ዝምታው ነው። ያን ያህል ሰው ተቀምጦ የዋንጫ ድምፅ ብቻ ሲሰማ አስቡት። በልተው ጠጥተው፣ እያንዳንዱ በየገባበት በር ወጣ።

ጋሼ ከሄዱ በኋላ ስለ ባሊው ጉባኤ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ፤ ባነበብኩ ቁጥር ዳሱ ይታየኝ ነበር። ኢንዶኔዥያ የጉባኤው ተረኛ ሰብሳቢ የሆነችው ጦርነቱ ሳይጀመር ነው። ስለ ወረርሽኝ ማገገም፣ ስለ ዲጂታል ኢኮኖሚ፣ ስለ ታዳሽ ኃይል ልትመክር ተዘጋጅታ ሳለ የካቲት 17 ቀን 2014 ጦርነቱ መጣ። ገና በመጋቢት የያኔው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ባይደን ሩሲያ ከቡድኑ ትውጣ፣ ይህ ካልሆነም ዩክሬን ትግባ የሚል ሐሳብ ሰነዘሩ። ይህ የአንደኛው ወገን «እርሱ ካለ አልመጣም» ነው። ጆኮ ዊዶዶ፣ ሕዝባቸው ጆኮዊ የሚላቸው የያኔው የኢንዶኔዥያ ፕሬዚዳንት፣ ለሁለቱም ጥሪ ላኩ፤ ለፑቲን በአባልነታቸው፣ ለዜሌንስኪ በእንግድነት።

ከዚያ ተነሥተው ሄዱ። በሰኔ ጀርመን ላይ ከሰባቱ ባለጸጋ ሀገራት ጋር ተሰብስበው እንዳበቁ ከፖላንድ በባቡር ኪየቭ ገቡ፤ ሰኔ 22 ከዜሌንስኪ ጋር፣ በማግስቱ ክሬምሊን ውስጥ ከፑቲን ጋር ተነጋገሩ። ጦርነት ባለበት ሀገር ውስጥ ሌሊቱን በባቡር የሄደ ደጋሽ ጥሪውን በደብዳቤ ብቻ ከላከው አይተካከልም። የጉዞው ፍሬ ምን ነበር ብሎ የሚያፌዝ አለ፤ ጦርነቱ በእርግጥ አልቆመም። እኔ ግን ጉዞውን የማየው በሁለቱ ደጃፎች ላይ በተባለው ቃል ነው። ሰውየው እንግዳ ለመጥራት ሄደ፤ እንግዳ መጥራት ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

የመቀመጫው ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። ሚያዝያ 12 ቀን ዋሽንግተን ላይ የገንዘብ ሚኒስትሮቹ ሲሰበሰቡ የሩሲያው ሚኒስትር መናገር እንደጀመሩ የአሜሪካዋ ጃኔት የለን፣ የካናዳዋ ክሪስቲያ ፍሪላንድና ሌሎችም ተነሥተው ወጡ። መድረኩን የምትመራው የኢንዶኔዥያ የገንዘብ ሚኒስትር ስሪ ሙልያኒ ነበረች። በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መባቻ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮቹ ባሊ ላይ ሲገናኙ ደግሞ የሰባቱ ሀገራት ሚኒስትሮች ከእንኳን ደህና መጣችሁ እራቱ ቀሩ። የጋራ ፎቶግራፍ ቀረ። የሩሲያው ላቭሮቭ በሳዑዲ ዓረቢያና በሜክሲኮ መካከል ተቀመጡ፤ ንግግራቸውን አድርገው ስብሰባው ሳያልቅ ሄዱ። አስተናጋጇ የኢንዶኔዥያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሬትኖ ማርሱዲ ማንንም አልገሠጸችም፤ ስለ እራቱ ስትጠየቅም ሁሉም ምቾት እንዲሰማው እንደምትፈልግና የቀሩትን እንደምትረዳቸው ነው የተናገረችው። ሳዑዲና ሜክሲኮ! ይህን ሳነብ ከካህናቱ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ባልቴቶች ፊቴ ላይ መጡ።

ዓመቱ እንዲህ አለቀ። የገንዘብ ሚኒስትሮቹ በሐምሌም ተገናኝተው የጋራ መግለጫ ማውጣት ስላቃታቸው ሰብሳቢዋ በራሷ ስም ማጠቃለያ ጽፋ በተነችው። መሪዎቹም ያለ አንዳች ወረቀት ሊበተኑ ነው ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ፑቲን ቀሩ፤ በእርሳቸው ቦታ ላቭሮቭ ተገኙ። ዜሌንስኪ በቪዲዮ ቀርበው ተሰብሳቢውን «ቡድን 19» ብለው ጠሩት፤ አንዱን አባል ከቁጥር አውጥተው ማለት ነው። እንዲህም ሆኖ ኅዳር 7 ቀን 52 አንቀጽ ያለው መግለጫ ወጣ።

በዚህ ወረቀት ሦስተኛ አንቀጽ ላይ ብዙ ጊዜ አሳልፌአለሁ። አብዛኞቹ አባላት በዩክሬን ያለውን ጦርነት አጥብቀው እንዳወገዙ ይናገራል። ቀጥሎ ስለ ሁኔታውና ስለ ማዕቀቡ ሌሎች አመለካከቶችና የተለያዩ ግምገማዎች እንደነበሩ ይጨምራል። ቀጥሎ ደግሞ ቡድን 20 የጸጥታ ጉዳይ የሚፈታበት መድረክ አለመሆኑን እንደሚገነዘብ፣ የጸጥታ ጉዳይ ግን በዓለም ኢኮኖሚ ላይ ብዙ ሊያስከትል እንደሚችል ይገልጻል። «ላስታርቃችሁ አልመጣሁም» የሚለው የጋሼ ቃል በዲፕሎማት ቋንቋ ሲጻፍ ይህን ይመስላል። በአራተኛው አንቀጽ ያለው «ዘመናችን የጦርነት ዘመን መሆን የለበትም» የሚለው ሐረግ የሕንዱ ሞዲ ሁለት ወር ቀደም ብለው ለፑቲን ፊት ለፊት ከተናገሩት የመጣ ነው። ስለ ሰላም የሚጸልይ፣ ስም የማያነሣ ቡራኬ።

ይህን ዓይነት አጻጻፍ የሚንቁ ወዳጆች አሉኝ፤ «ሁለቱንም ያለ ምንም አላለም» ይላሉ። ለሰሜን ሸዋ ሰው ግን ውል ላይ የሚጻፍ ቃል ቀልድ አይደለም። የምኒልክ የቀድሞ መናገሻ እዚሁ አንኮበር ነበረች፤ በ1881 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር የተፈረመው የውጫሌ ውልም አሥራ ሰባተኛው አንቀጹ በአማርኛው አንድ፣ በጣሊያንኛው ሌላ ነበር። በአማርኛው ንጉሡ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣሊያን መንግሥት በኩል መላላክ ይቻላቸዋል ይላል፤ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆነ። የዚያ ዕዳ የተከፈለው ዐድዋ ላይ ነው። ውጫሌ ላይ ልዩነቱ በሁለት ቋንቋ መካከል ተደብቆ ነበር፤ ሁለቱም ወገን ተስማምተናል ብሎ ሄደ። የባሊው ወረቀት ያደረገው የዚያን ተቃራኒ ነው። አለመስማማቱን ራሱን በአንድ ቋንቋ፣ በአንድ አንቀጽ ውስጥ፣ ሁሉም እያየ ጻፈው። በእኔ ሚዛን ይህ ከፍርሃት ይልቅ ወደ ሐቀኝነት ይጠጋል።

ስለ አንኮበር ካነሣሁ አይቀር የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን ነገር ሳልናገር አላልፍም። በ1833 ዓ.ም. መጨረሻ የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ሸዋ ገባ፤ ከስጦታዎቹ መካከል 300 ጠመንጃ ነበረበት። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም በዚያው ሰሞን ወዲህ ወዲያ ይል ነበር። ንጉሡ ለእንግሊዙ በ1834 የወዳጅነትና የንግድ ውል ፈረሙለት፤ ለፈረንሳዩ በ1835 ፈረሙለት። ሁለቱም የየራሱን በር አግኝቶ ገባ። ሃሪስ የተመኘው ንግድ ብዙም ሳይታይ ሰውየው አገሩ ተመለሰ፤ ጠመንጃው ግን ሸዋ ቀረ። ከዚያ በኋላ ደግሞ በ1869 ምኒልክ ከአንኮበር በታች ያለችውን ልጥ ማረፊያን ለጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ሰጡ፤ የመልእክተኞቹ መሪ ማርኪስ አንቲኖሪ እዚያው አርፎ እዚያው ተቀበረ። ከጋሼ ቀዬ ልጥ ማረፊያ ሩቅ አይደለችም። በልጅነቴ «የፈረንጁ መቃብር» እየተባለ ሲነገር እሰማ ነበር፤ ፈረንጁ የማን እንግዳ እንደነበር የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም።

ነገሥታቱን ያነሣሁት አስተናጋጅነት በጎነት ብቻ እንዳልሆነ ለማለት ነው። ደጋሽ የሚፈልገው ነገር አለው። ጋሼም ቢሆኑ አክስቴ ባሏ ቤት በሰላም እንድትኖር ይፈልጉ ነበር። ኢንዶኔዥያ የፈለገችው ምን እንደሆነ ደግሞ እኔ ያወቅሁት ከጋዜጣ ቀድሞ ከጓዳዬ ነው።

ዘይት ነዋ። ዩክሬን የሱፍ ዘይት ለዓለም ከሚሸጡት ቀዳሚዋ ነበረች፤ ወደቦቿ ሲዘጉ ሁሉም ወደ ፓልም ዘይት ዞረ። የዓለምን ፓልም ዘይት ከግማሽ በላይ የምታመርተው ኢንዶኔዥያ ናት። የእኛ የከተማ ጓዳ ሽሮ የሚሠራው በዚህ ዘይት ነው። ሚያዝያ 20 ቀን 2014 ኢንዶኔዥያ በገዛ ገበያዋ ዋጋው ስለናረ ወደ ውጭ መላኩን ከለከለች፤ እገዳው የተነሣው ግንቦት 15 ነው። ያን ሰሞን ደብረ ብርሃን ላይ ባለ አምስት ሊትሩ ጀሪካን ከአንድ ሺህ ብር ዘለለ። ባለቤቴ በወጥ ማንኪያ እየለካች ነበር የምትጨምረው። ያው ኢንዶኔዥያ «በጋራ እናገግም፣ በርትተን እናገግም» የሚል መሪ ቃል ሰቅላ እንግዳ ትጠብቅ ነበር። ደጋሹ ዳሱን አስጊጦ ጓዳውን ቆለፈ።

በዚህ አልፈርድባትም። የገዛ ልጆቹ ሲርባቸው ለእንግዳ የሚያቀርብ ደጋሽ ራሱ ሞኝ ነው። ግን ገለልተኛ ነኝ ስትል ከምን ገለልተኛ እንደሆነች ማወቅ ያስፈልጋል። ኢንዶኔዥያውያን ራሳቸው «ገለልተኛ» የሚለውን ቃል አይወዱትም፤ የውጭ ፖሊሲያቸውን «ነፃና ንቁ» ይሉታል። ነፃነታቸውን ካወጁ ገና በሦስተኛው ዓመት፣ በ1940 ዓ.ም.፣ መሐመድ ሃታ የተባሉት መሪያቸው በሁለት ቋጥኞች መካከል መቅዘፍ ብለው ገልጸውታል። ያኔ ቋጥኞቹ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ነበሩ። በሚያዝያ 1947 ባንዱንግ ላይ 29 የእስያና የአፍሪካ ሀገራትን ሲሰበስቡ ኢትዮጵያም ተጠርታ ሄዳለች። እንግዳ መቀበል ለእነርሱ አዲስ ነገር አልነበረም ማለት ነው። ደግሞም በባሊ ሳሎኖች ውስጥ የማይነሣ የራሳቸው ጉዳይ አለ፤ በምሥራቅ ጫፋቸው በፓፑዋ ለአሠርት ዓመታት የዘለቀው ግጭት። ደጋሽ ስለ ራሱ ጓሮ እንግዳ እንዲጠይቀው አይፈልግም።

አሁን ወደ ዳሱ ልመለስ፤ ያልነገርኳችሁ አለ።

ተዝካሩ አልቆ፣ እንግዳው ተሸኝቶ፣ ሴቶቹ ድስት ሲያጥቡ የሟቹ ጎረምሳ እናት ተመልሳ መጣች። ከሁለቱም በሮች በየትኛውም አልገባችም፤ ውጭ ቆመች። ድግሱ ላይም አልነበረችም፤ ባሏና ወንድሞቿ ሲመጡ እርሷ ቀርታለች። ጋሼን አስጠርታ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «የልጄን ደም በጠላ አጠብከው» አለቻቸው። እኔ ከአክስቴ ቀሚስ ጀርባ ነበርኩ። ጋሼ መልስ አልሰጡም። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ቆሙ። እርሷም ዞራ ሄደች።

የዩክሬን ፕሬዚዳንት በግድግዳ ላይ ምስል ሆኖ ለጉባኤው ሲናገር ያየሁት ያቺን ሴት ነው። የተበደለው ወገን አባል ስላልሆነ ከውጭ ይናገራል፤ የበደለው አባል ስለሆነ ወንበር አለው። የማኅበር ሕግ እንዲህ ነው። ጉባኤው በተከፈተበት በዚያው ቀን ሩሲያ በዩክሬን ከተሞች ላይ ሚሳኤል አዘነበች። የዚያኑ ዕለት ደግሞ አንድ ሚሳኤል ድንበር ተሻግሮ ፕሼቮዱፍ በምትባል የፖላንድ መንደር፣ የእህል ማድረቂያ ያለበት ቦታ ወድቆ ሁለት ሰው ገደለ። ባሊ ላይ ሌሊት ነበር፤ መሪዎች ከእንቅልፋቸው ተቀሰቀሱ፤ ጠዋት አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጡ። ኋላ ላይ ከዩክሬን የአየር መከላከያ የተተኮሰ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ለሟቾቹ ቤተሰብ ከየትኛው በር መጣ የሚለው ልዩነት እንዳለው አላውቅም። ረግረግ ዳር ዶማ ይዘው የሳቁት ይህ በሆነ ማግስት ነው፤ ጋሼና እኔ ያየነው ምስል ማለት ነው።

እንግዲህ አስተናጋጇን ማመስገን ወይስ መውቀስ? እኔ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ምስጋናዬ ጠባብ ነው። ዳሱ ሳይፈርስ እህሉ ተበልቷል። ዘጠኝ ወር ሙሉ ሳይስማሙ የቆዩ ሰዎች አንድ ወረቀት ላይ ተገኝተዋል። በዚያው ደሴት ላይ፣ ከመክፈቻው በፊት በነበረው ቀን፣ ባይደንና ሺ ጂንፒንግ ሦስት ሰዓት ያህል ፊት ለፊት ተነጋግረዋል፤ ድግስ ባይኖር አንዱ ወደ ሌላው ቤት መሄድ ነበረበት፣ ያንን ደግሞ ማንኛቸውም ያኔ አያደርጉትም ነበር። የዩክሬን እህል በጥቁር ባሕር እንዲወጣ ቀደም ብሎ በኢስታንቡል የተፈረመው ስምምነት ከጉባኤው በማግስቱ ለ120 ቀናት ተራዘመ። የባሊ ሥራ ነው አልልም፤ ቱርክና የተባበሩት መንግሥታት ናቸው የደከሙበት። ነገር ግን የዚያ ስምምነት የመጀመሪያዋ የዓለም ምግብ ፕሮግራም መርከብ 23,000 ቶን የዩክሬን ስንዴ ጭና ነሐሴ 24 ቀን 2014 ጅቡቲ የደረሰችው ለኢትዮጵያ ነው። ከመድረሷ ስድስት ቀን ቀደም ብሎ በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነቱ እንደገና ተጀምሯል። ከአንድ ጦርነት የወጣ ስንዴ ወደ ሌላ ጦርነት መጣ።

በዚህ ላይ መጻፍ የከበደኝ ለዚህ ነው። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደርሶ ነበር። ጣርማ በርን ቢያልፍ ቀጥሎ እኛ ነን። እናቴ የጸሎት መጽሐፏንና የቤቱን ካርታ በአንድ ፌስታል አስራ በር አጠገብ አስቀምጣ ነበር፤ ያ ፌስታል ለወራት ከቦታው አልተነሣም። ዓመት ሊሞላው ሲል ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ደቡብ አፍሪካ ቤቷን ሰጠች፤ አፍሪካ ኅብረት ሸመገለ፤ ኦባሳንጆ፣ ኡሁሩ ኬንያታና ምላምቦ ንግኩካ አሸማገሉ። ባሊና ፕሪቶሪያን በሁለት ሳምንት ልዩነት ያየ ሰው ድግስና ሽምግልና ሁለት ሥራ መሆናቸውን ይገባዋል። ሽምግልና ላይ እንግዳ አይበዛም፤ ፎቶግራፍ የሚነሣው በመጨረሻ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች ራሳቸው ይፈርማሉ። ድግስ ላይ ፎቶግራፉ ራሱ ግማሽ ሥራ ነው።

በዚያ ወር እፎይ ብለን ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በክልላችን የተነሣ ሌላ ግጭት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አስታወጀ። ከዚያ ወዲህ የጋሼ መንገድ አንዳንዴ ይከፈታል፣ አንዳንዴ ይዘጋል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ በየዓመቱ በየካቲት የአፍሪካ መሪዎች ይሰበሰባሉ፤ አስፋልቱ ይታጠባል፣ ሰንደቅ ይሰቀላል። በከተማችን ከወለጋ ተፈናቅለው በመጠለያ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ሀገሬ እንግዳ ስትቀበል ደስ ይለኛል፤ ማስተናገድ እናውቅበታለን። ደስታዬን የሚቆርጠው ያችን ሴት ማስታወሴ ነው። ከዳስ ውጭ የሚቆም ሰው ሁልጊዜ አለ፤ አሁን ከውጭ የቆሙት ጎረቤቶቼ ናቸው።

የባሊ ጉባኤ ሲዘጋ ጆኮዊ የሰብሳቢነቱን መዶሻ ለሞዲ አስረከቡ። ጋሼ ያንን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ «ጽዋውን አዞረ!» አሉ። ልክ ናቸው፤ የጽዋ ማኅበር ነው። ተረኛው ይደግሳል፣ ሲጨርስ ጽዋውን ለሚቀጥለው ያስረክባል። ሕንድ በጳጉሜን 2015 ደገሰች፤ አፍሪካ ኅብረትንም ቋሚ አባል አድርጋ ወንበር ሰጠችው። የዩክሬኑ አንቀጽ ግን ከባሊው ለዘበ፤ «አጥብቀው አወገዙ» የሚለው ወጣ፣ ዜሌንስኪም አልተጠሩም። ድግሱ ይበልጥ ሰላማዊ ሆነ። ያቺ ሴት ይበልጥ ራቀች።

ታችኛውና ላይኛው ጎጥስ? ታርቀዋል። ልጅ ሳለሁ የጋሼ ድግስ ነው ያስታረቃቸው ብዬ አምን ነበር፤ ለተማሪዎቼም እንደዚያ እያልኩ ተርኬያለሁ። ይህን ጽሑፍ ስጨርስ፣ ኔትወርክ በተገኘ አንድ ቀን፣ ደውዬ ለጋሼ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ስጨርስ «የሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው ያስታረቃቸው» አሉኝ። ግጦሹ ደረቀ፣ ከብቱ አለቀ፣ የሚጣሉበት ነገር ጠፋ። ሽማግሌዎች ደም ያደረቁት የእርዳታ እህል ሊቀበሉ በአንድ ሰልፍ ቆመው ሳለ ነው። የሟች እናት ግን ያን ቀንም አልመጣችም።

«ታዲያ ሁለቱ በር?» አልኳቸው። «ለየወገኑ በር ማውጣቱን ከማን ተማሩት? እኔ እኮ ስለ እርሱ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት።»

ሳቃቸው ሳል ሆኖ ቆየ።

«የጓሮውን በር ለእነርሱ መሰለህ እንዴ? ነገሩ ከተበላሸ እኔ እንዳመልጥበት ነው። ኋላ ሰው በዝቶ የፊቱ ሲጨናነቅ ጊዜ ገቡበት።»